ማን ማንን ያወጣል?

እናቴ ጎርፍ ምን እንደሆነ ከሰው ሰምታ አይደለም የምታውቀው፤ በዓይኗ አይታለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታ ከወንዙ ዳር ጥቂት ገባ ብለን ነበር የምንኖረው፤ ዛሬም እዚያው ነን። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር እንቅልፏ ይሳሳል። ቆርቆሮ ሲንኳኳ ትነቃለች፣ ውሻ ሲያለቅስ ተነስታ በሩን ታያለች። እንዲህ ያለች ሴት ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት «ደቻቱ እየመጣ ነው፣ ውጡ» የሚል ስልክ ሲደወልልን ከአልጋዬ አልነሳም አለች። ጎርፍ አይታ የማታውቅ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ባልከነከነኝ። ያየችው እሷ፣ የምትፈራው እሷ፣ እንቢ ያለችውም እሷ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህ ነገር ሲመላለስብኝ ከርሟል።

የደወለው የአክስቴ ልጅ ነው። ከሐረማያ በኩል አትክልት እየጫነ በአይሱዙ ወደ ድሬ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ከከተማው በላይ ባለው የደንገጎ ዳገት ላይ ዝናቡ መንገዱን ስለጋረደበት መኪናውን ዳር አስይዞ ቆሟል። «እዚህ ሰማዩ ተቀዷል» አለኝ። «ከላይ የሚወርደው ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። እናትሽን ይዘሽ ከወንዙ ራቂ።» ድምፁ ከዝናቡ ጩኸት ጋር እየተቀላቀለ ይቆራረጥ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ግቢ ስወጣ ድሬ ላይ ጠብታ የለም። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተፋል፣ ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እናቴ ሙቀት ሲበረታ እንደምታደርገው የሽቦ አልጋዋን ግቢ ውስጥ አውጥታ ሽቲ ቀሚሷን እንደለበሰች ተኝታለች።

ቀስቅሼ ነገርኳት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «የታለ ዝናቡ?» አለች። ደንገጎ ነው አልኳት። «ከዚያ ወዲህ እኮ ግንብ ተሠርቷል» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግንቡስ እውነት ነው፤ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ተሠርቷል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የሌባን ነገር አነሳች፤ ቤቱን ለቆ የሄደ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ነገረችኝ። ከሌባው ወደ ሰው ዓይን አለፈች፤ በእኩለ ሌሊት በሽቲ ከቤት ወጥቶ መሮጥ፣ ነገ ምንም ሳይሆን ቢቀር ሰፈሩ የሚያወራው ወሬ። የቆጠረችልኝን ምክንያቶች አንድ በአንድ ብመዝናቸው ውሸት የለባቸውም። ሁሉም ተደምረው የሚያደርሱት ግን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ ወደ መቆየት።

<b>ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ</b>

ከተማችን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በስተደቡብ ያለው ተራራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና የወጣ ሁሉ ጆሮው ሲደፈን ያንን ልዩነት ያውቀዋል። ውሃው ግን ጠመዝማዛ አያውቅም። ዛፍ ከሳሳበት ዳገት ላይ የወረደ ዝናብ አፈሩ ሳይመጠው በየሸለቆው ይሰበሰብና ቁልቁል ይለቀቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከላይ ዘንቦ አባርቶ ሊሆን ይችላል። ድሬ ላይ ተቀምጦ ሰማይ እያዩ ስለ ደቻቱ መወሰን የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የሚያሰጋን ደመና ከእኛ ራስ በላይ የለም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ደቻቱ ሲመጣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያሳስቅ ወንዝ አይደለም፤ ድምፁና ውሃው እኩል ይደርሳሉ። እኔ ግን ሳስበው የሚያሳስቀን ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ደረቁ አሸዋ። ከዓመት አብዛኛውን ጊዜ ወንዙ ውሃ የለውም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየልና ግመል ያልፍበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ልባችን መንገድ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ዓመቱን ሙሉ የተረማመዱበትን መሬት በአንድ ሌሊት እንደ ጠላት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ብዙዎቹን ውሃው የወሰዳቸው እንደተኙ ነው። እኛን ያተረፈን አንድ ሰው ነው። በራችንን በድንጋይ ይሁን በብረት እየደበደበ «ውጡ! ውጡ!» ብሎ ጮኸና ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እናቴ ስትጠይቅ ኖራለች። ከጎረቤት እኔ ነኝ ያለ የለም፤ ምናልባት ራሱ አልተረፈም ይሆናል ትላለች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት እንግዲህ «የታለ ዝናቡ?» ያለችኝ።

<b>አዴ</b>

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ሰፈሩ ሁሉ አዴ እያለ የሚጠራት አሮጊት ትኖራለች። ልጆቿ ጅቡቲ ናቸው። ጉልበቷ ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትሄደው፤ ጆሮዋም ደክሟል። እሷና እናቴ በድሬ ወግ አንቺ እየተባባሉ ኢዱንም ፋሲካውንም አንድ ላይ ሲበሉ ያረጁ ሰዎች ናቸው።

እናቴ ጀርባዋን ከሰጠችኝ በኋላ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ግቢው መሀል ቆሜ ነበር። እንደ ልጅ ተሸክሜ አላወጣት ነገር። ዓይኔ በሁለታችን መካከል ባለው አጥር ላይ አረፈ። «እሺ፣ አንቺ ቅሪ» አልኳት። «አዴን ግን ማን ያወጣታል?»

ይህን ያልኩት እናቴን ለማስነሳት አልነበረም። እውነቴን ነው የጠየቅኩት፤ አዴን ብቻዬን ደግፌ ያንን ኮረብታ የምወጣበት ጉልበት እንደሌለኝ እያሰብኩ ነበር። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ጫማዋን በጨለማ እየፈለገች ነው። «ነጠላዬን አምጪ» አለች። «ቆጣሪውን አጥፊ። የአዴ በር ከውስጥ ነው የሚቆለፈው፤ በመስኮቱ በኩል ነው የምትሰማው።»

ደጋግሜ የማስበው ይህን ቅጽበት ነው። በሁለቱ ንግግሮች መካከል የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሰማዩ ያው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ግንቡም እንደቆመ ነው። ሌባው፣ የሰፈሩ አፍ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ስለ ደንገጎው ዝናብ አንድ ተጨማሪ ቃል አልነገርኳትም። ሆኖም ከቤት ላለመውጣት የደረደረችው ምክንያት ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይሉን አጣ። ለምን?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። እናቴ ለራሷ ስትወስን ጥያቄው «ጎርፉ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» የሚል ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ ማንም መልስ የለውም። ስለ አዴ ስትጠየቅ ጥያቄው ሌላ ሆነ፤ «ቢመጣ አዴ መሮጥ ትችላለች?» ይህ መልስ አለው። አትችልም። በዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ሰማይ ማየት አያስፈልግም። ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ዕድሉን ሊሞክር ይችላል፤ የጎረቤት ሕይወት ግን አደራ ነው፣ አደራ ደግሞ አይሞከርበትም።

የሰው ዓይን ነገርም እንዲሁ ተገለበጠ። ብቻዋን ሮጣ ብትወጣና ምንም ሳይመጣ ቢቀር ፈሪ ትባል ነበር። በሌሊት የታመመች ጎረቤቷን ደግፋ ያወጣችን ሴት ግን ፈሪ ብሎ የሚጠራ አንደበት ድሬ ውስጥ የለም። እንዲያውም አለመሄዷ ነበር የሚያሳፍራት። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትተናል ብለን እናማርራለን። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ይሉኝታ ሰውን ከሞት አፍ ሲያስነሳ አየሁ።

አዴን ለማውጣት የፈጀብን ጊዜ ከገመትነው በላይ ነው። መስኮቱን ደብድበን ደብድበን ነቃች። ቁልፉን ትራስ ሥር ነው የምታስቀምጠው፤ በጨለማ ስትፈልገው ወለሉ ላይ ወደቀባት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያነሳችው የስኳር መድኃኒቷን ነው። መርፌው የሚቀመጠው ደግሞ ፍሪጅ ባለው ጎረቤት ቤት ነበር፤ እነሱንም መቀስቀስ ግድ ሆነ። እንዲህ ሆኖ አንዱ በር ሌላውን እየቀሰቀሰ መንደሩ ነቃ። ድልድዩን ሳንሻገር፣ ከወንዙ ጀርባችንን ሰጥተን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወዳለው የዘመድ ቤት ወጣን። ገና ተቀምጠን ሳንረጋጋ የደቻቱ ድምፅ ተሰማ። ውሃው በግንቦቹ መካከል እያጓራ፣ ግንድና ቆርቆሮ እየገፋ አለፈ። ወደ መንደራችን አልገባም።

<b>ሂዩስተን ያለችው እህቴ</b>

በሚቀጥለው ቀን ሂዩስተን ለምትኖረው እህቴ ደውዬ አወራኋት። እሷ ያለችበት አገር ለአውሎ ነፋስ መዘጋጀት እንደ ክርስትና ድግስ ቀን ተቆርጦለት የሚሠራ ሥራ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሐሪኬን ወቅት ይባላል። ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ቁም ሣጥኗን ትሞላለች፤ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለተከታታይ ቀናት፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ በፕላስቲክ የታሸጉ ሰነዶች። መስኮት የሚሸፈንበት እንጨት ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። የመኪናው ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አትፈቅድም። ነፋሱ ከመድረሱ ከ36 ሰዓት ገደማ በፊት ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ከዚያም በፊት ሊመጣ ይችላል የሚል ቅድመ ማሳሰቢያ አለ። ያ ሁሉ ጊዜ አላት። እኛ ከደንገጎ እስከ ድሬ ያለን ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ አንዳንዴም በደቂቃ።

ያን ቀን ስለ ሐርቪ አነሳችብኝ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ቴክሳስን የመታው ሐሪኬን ነው። እሷ ሰፈር ነፋሱ ብዙ ጉዳት አላደረሰም፤ ዝናቡ ነው አልቆምም ያለው። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተለካ። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ከሁለት ዓመት በላይ የሚዘንበው እዚያ በሳምንት ወረደ ማለት ነው። ነፋሱን ሲፈሩ የኖሩ ሰዎች በውሃ ተከበቡ። ነገሩ የሐርቪ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2012 ሐሪኬን በቀጥታ ከገደላቸው ሰዎች አሥሩ ቢቆጠሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት የሞቱት በውሃ ነው። ውሃው ደግሞ ብዙ መሆን አይጠበቅበትም። የሚሮጥ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አዋቂ ሰውን ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ጎርፍ በገባበት አሸዋ ላይ ባጃጁን ገፋ አድርጎ ለማለፍ የሚሞክር ወጣት ሁሉ ይህን ቁጥር ቢያውቅ እወዳለሁ።

«ማን አወጣሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አንድ ጎረቤቷ ነው። ዓሣ የሚያጠምድባት ትንሽ ጀልባ አለችው፤ በመስኮቷ በኩል መጥቶ ስሟን ጠራ። ያ ሁሉ ዝግጅቷ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ውሃውና ምግቡ እሱ እስኪደርስላት ድረስ አቆይቷታል። ከቤት ያወጣት ግን ስሟን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ነገር በትልቁ የሠራች አገር አለች፤ ባንግላዴሽ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሳ ሳይክሎን የሚሉት አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰው ፈጀባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥትና ቀይ መስቀል የሳይክሎን ዝግጁነት ፕሮግራም አቋቋሙ። የፕሮግራሙ ጀርባ አጥንት በየመንደሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 በላይ ነው። ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ይዘው የራሳቸውን መንደር በር በበር ያንኳኳሉ፣ አቅመ ደካማውን ወደ መጠለያ ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ ባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከባሕሩ ዳር አነሳች፤ በዚያች አገር የሞቱት ሰዎች መቶ እንኳን አልሞሉም። ከሳተላይቱም ከመጠለያውም ብዙ ጥቅም ተገኝቷል። እኔን የገዛኝ ግን በሩን የሚያንኳኳው ሰው ከዚያው መንደር መሆኑ ነው።

አውሎ ነፋስ የሩቅ አገር ጣጣ ነው የሚል ሰው ካለ ጅቡቲ ዘመድ ያለውን የድሬ ሰው ይጠይቅ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለ ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ምዕራባዊ ሶማሌላንድን መታ፤ ጅቡቲን በጎርፍ አጥለቀለቀ፤ ርዝራዡ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘነበ። ያን ሰሞን አዴ ስልኳን ከጡቷ ሥር አላወጣችም ነበር።

<b>በቡና ላይ የተማከርነው</b>

ከዚያ ሌሊት በኋላ እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። እኔ ስለ ጀሪካን፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሰነድ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ገና አቦሉ ሳይቀዳ «አዴን እኔ ነኝ የማወጣት፤ እኔን ማን ያወጣኛል?» ብላ ጠየቀች። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ በመንደራችን ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ይታወቃል። መንታ የወለደችውን የሚያግዛት ወጣት ተመድቦላታል። ሌሊት ሥራ የሚያድረው አባወራ ልጆቹን በአደራ የሰጠው ሰው አለ። ወጣቶቹ ራሳቸው ሳይቀሩ የሚጠራቸው ሰው አላቸው፤ ከሁሉ የሚከብደው እንቅልፍ የእነሱ ስለሆነ።

ሁሉም ደስ አላለውም። አንዲት እናት «በልጆቼ ላይ አታሟርቱ» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። ንዴቷ ይገባኛል። ክፉን ነገር በአፍ መጥራት መጋበዝ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ጠላት የሚመጣበትን ቀን ቆጥሮ መጠበቅ ይከብደናል። ያረጋጋቻት አዴ ናት። ነቢዩ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ማለታቸውን አስታወሰቻት። ግመል ሲያልፍ እያየን ለምናድግ ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሴትየዋ ስኒዋን መልሳ አነሳች፤ የእሷም ስም ገባ።

ዕቃውን በተመለከተ ረጅም ክርክር አልነበረም። ትልቁ ነገር ቁልፍ ነው። በሌሊት ከውስጥ የሚቆለፍ የብረት በር ሌባን እንደሚከለክል ሁሉ የሚያወጣንንም ሰው ይከለክላል። ስለዚህ ቁልፉ በየቤቱ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የአዴ ትርፍ ቁልፍ እኛ ዘንድ ነው። ጫማና ባትሪ ከአልጋ ሥር። የልደት ወረቀት፣ የይዞታ ካርታ፣ የባንክ ደብተር በፌስታል ታስሮ አንድ ቦታ። የአዴ መርፌ ያለበት ቤት ደግሞ ሲወጣ ይዞት እንዲወጣ አደራ ተብሏል። ቆጣሪ ማጥፋት፣ ጋዝ መዝጋት። ከጎርፍ በኋላ የቧንቧ ውሃ ስለማይታመን የተከደነ ጀሪካንና ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ በየቤቱ አለ። ከሰኔ በፊት ቦዩን ጠርገን ፌስታልና ደለሉን አውጥተናል። ከዝናቡ ቀድሞ ለሚመጣው ነፋስ የላላውን ቆርቆሮ መትተናል፤ ጣራ ላይ ድንጋይ መጫን ግን ትተናል፣ ነፋስ ካነሳው ድንጋዩ ራሱ ሰው ይጎዳል። ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ፣ የስፌት መኪና አውጥቶ እመለሳለሁ ማለት ፈጽሞ ክልክል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእንዲህ ያለ ሌሊት በሕይወት ይከፈልበታል።

የእኔ ድርሻ ስልኩ ነው። ከአወዳይ ጫት፣ ከሐረማያ አትክልት፣ ከሐረር ሰው ጭነው የሚወርዱ ሹፌሮች የተራራውን ዝናብ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ያዩታል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በየሌሊቱ፣ መንገዱ ላይ አሉ። የተወሰኑትን አነጋግሬ ቁጥራቸውን ይዣለሁ፤ የእኔንም ሰጥቻቸዋለሁ። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ቀኑን ይነግረኛል፣ በዚያ ቀን ስልኬን ሞልቼ ድምፁን ከፍቼ አድራለሁ። ሰዓቱን የሚነግሩኝ ሹፌሮቹ ናቸው። ደንገጎ፣ ቀርሳ፣ ሐረማያ ዘመድ ያላችሁ የድሬ ሰዎች፣ ዝናቡ ሲበረታባቸው እንዲደውሉላችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ሌሊት መቀስቀስ ነውር መስሏቸው የሚተዉ አሉ፤ ነውር እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ መስማት አለባቸው።

<b>በከንቱ የወጡ ሰዎች</b>

ያን ሌሊት ውሃው ግንቡን አላለፈም ብያለሁ። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ እናቴን አንድ ጎልማሳ አስቁሞ «በከንቱ ተንገላታችሁ አይደል?» አላት። «ዘመድ ጠይቀን መጣን» አለችው፤ ዘንቢሏን አንስታ መንገዷን ቀጠለች።

ጥያቄው ግን መመለስ ያለበት ነው፤ ነገ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወጥተን ውሃው ሳይመጣ ቢቀር የሚወጣው ሰው ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። እኔ የማምነው ቀድሞ የሚጮኽ ሰው አንዳንዴ ያለ ምክንያት መጮኹ የማይቀር መሆኑን ነው። ሁልጊዜ ትክክል ሊሆን የሚፈልግ አስጠንቃቂ ውሃውን በዓይኑ እስኪያይ ይጠብቃል፤ እሱን ደግሞ አባቶች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው ጨርሰውታል። ስለዚህ ወጥቶ መመለስን ኪሳራ አድርገን መቁጠር የለብንም። ዘመዶቻችን ያን ሌሊት ሻይ አፍልተው ጠበቁን፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኙ፣ አዴ እስኪነጋ የጥንቱን የባቡር ዘመን ድሬ ስታወራልን አደረች። በድካማችን ልክ ያጣነው ነገር አልነበረም።

አሁን የቀረን የከበደው ክፍል ነው። ምደባችን ውስጥ ያለው እርስ በርሱ የሚተዋወቀው ሰው ብቻ ነው። አልጋ በሌሊት የሚከራይ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አሸዋው ላይ የሚያድሩ ልጆች ስማቸው የትም የለም። ስም የሌለውን ሰው ማን ይጠራዋል? ልጆቹን ወጣቶቹ በየማታው እያለፉ ማነጋገር ጀምረዋል፣ መጠሪያቸውንም እያወቁ ነው።

ከወንዙ ዳር ባለ መጋዘን የሚጠብቅ ዘበኛም አለ። እሱን እኔ ነበርኩ ያነጋገርኩት። ስንጠራው ይወጣ እንደሆነ ስጠይቀው አልችልም አለ። «ንብረት ትቼ ብወጣና ውሃው ሳይመጣ ቢቀር እንጀራዬ ይቋረጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእሱ በቂ የሚሆነው ከአሠሪው አፍ «ሲጠሩህ ውጣ፣ ለመጋዘኑ አትጠየቅም» የሚል ቃል ነው፤ ያንን ቃል ልሰጠው የምችለው እኔ አይደለሁም። የመጋዘኑን ባለቤት ለማናገር ለፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል። እናቴ አብሬ እሄዳለሁ ብላለች።